ጅማ ላይ የሰው ፔጅ እይዛለሁ፤ ዋጋ ልጨምር ወይስ ልተወው?

የአዌቱ_ልጅ (ጠያቂ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በተማርኩት ሥራ ሲጠፋ የአክስቴን የልብስ ሱቅ ቴሌግራም ቻናል መያዝ ጀመርኩ። ያንን ያየ ጎረቤት «ለኛም አድርጊልን» አለ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዛሬ ሦስት ደንበኛ አለኝ። አንዱ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁለተኛው እንጨት ቤት፦ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ሦስተኛው ቡና ቆልቶና ፈጭቶ በፓኬት የሚሸጥ ልጅ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ እይዝላቸዋለሁ። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ዲዛይኑ፣ ጽሑፉ ሁሉ በኔ ነው። ከያንዳንዳቸው በወር 3,000 ብር።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት «በዚህ ወር 10 ሺህ ፎሎወር ካልሞላ ምን እየሠራሽ ነው?» አለኝ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ይደውልና «አንዱ መጥፎ ኮሜንት ጽፏል፣ አጥፊው» ይላል። እንጨት ቤቶቹ ደግሞ ዋጋ እንጻፍ ስላቸው «ኢንቦክስ በይ» ይሉኛል። ሰው ኢንቦክስ ሲመጣ ግን የሚመልስለት የለም፤ ዋጋውን እኔም አላውቀውማ። የቡናው ልጅ ጨዋ ነው፣ ክፍያው ግን ሁሌ «ሰኞ» ነው። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አይታወቅም።

ባለፈው ወር ከ9,000 ብር ላይ ለዳታ 1,200፣ ለባጃጅ 900 ወጣ። እናቴ «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተሽ ምን አገኘሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ዋጋ ልጨምር? ስንት? ወይስ ትቼው ሌላ ሥራ ልፈልግ?

ቆጪ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

3,000 ብር ለሦስቱም አፕ? እህቴ፣ አንቺ ደንበኛ ሳይሆን ዘመድ ነው ያበዛሽው።

ባንክ_ልግባ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ስልክ መነካካት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? ዲግሪ ይዘሽ...

ስክሪን_ሾት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ከላይ ያለውን ወንድማችንን እንለፈው፤ ስሙ ራሱ ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል።

የአዌቱ ልጅ፣ እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት፣ ጅማ ደግሞ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በቀን ስንት ሰዓት ይወስድብሻል? አምስት እንበል፣ በወር 26 ቀን። 130 ሰዓት መሆኑ ነው። ወጪሽ ተቀንሶ የቀረሽን 6,900 ብር ለ130 ስታካፍይው በሰዓት 53 ብር ይመጣል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ እዪው። እኔ ያየሁ ቀን ነው የነቃሁት።

ስህተቱ ግን ዋጋው ላይ ብቻ አይደለም። የምትሸጪውን አልቆጠርሽውም። «ፔጅ ይዤልሃለሁ» ካልሽው ባለቤቱ የገባው አንቺን ሙሉ ቀን እንደቀጠረ ነው። ለዚህ ነው ከምሽቱ 5 ሰዓት የሚደውለው፤ በሱ ቤት ልክ ነው። ቁጠሪለት። በሳምንት ሦስት ፖስት፣ አንድ አጭር ቪዲዮ፣ በወር ሁለት ጊዜ ፎቶ ለማንሳት እመጣለሁ፣ ኢንቦክስ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት እመልሳለሁ፣ እሑድ የለሁም። ከዚያ በላይ ሲፈልግ ተጨማሪ ክፍያ። ይህ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለአክስትሽም ጭምር፤ እንዲያውም በተለይ ለአክስትሽ።

ሌላው የቡስት ገንዘብ ነው፤ ፖስቱ ብዙ ሰው ጋ እንዲደርስ ለፌስቡክ የሚከፈለው። ከክፍያሽ ጋር በፍጹም አትቀላቅይው። እኔ በ2016 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ ጋ «በወር ይህን ያህል ብር፣ የ20 ዶላር ቡስት ጨምሮ» ብዬ ተዋዋልኩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ልዩነቱንም የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ለደንበኛዬ ድጎማ አደረግሁ ማለት ነው። አሁን የምጽፈው «የቡስት ወጪ በደንበኛው፣ በዕለቱ ዋጋ፣ ቅድሚያ» ብዬ ነው።

ለቡናው ልጅ ደግሞ፦ ሰኞ የሚባል ክፍያ የለም። ወሩ ሲጀምር በቴሌብር ካልገባ ፖስት የለም። ጨዋ ከሆነ ይገባዋል።

ሒርማታ_ነጋዴ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ እኔ ከወዲያ በኩል ያለሁት ነኝ፣ ከፋዩ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ሱቅ አለኝ፤ ስሙን አልናገርም።

ፎሎወር፣ ፎሎወር የምንለው ወደን አይደለም። ፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ፔጅ ላይ 20 ሺህ የሚል ቁጥር አየሁ። ያን ቀን እንቅልፍ አጣሁ፤ 20 ሺህ ሰው በሩ ላይ የተሰለፈ መሰለኝ። ቆይቼ ሳየው ሱቁ እንደኔው ጭር ያለ ነው። የኔ ቢጤ ነጋዴ ሌላ መለኪያ ስለማያውቅ ነው ይህን የሚጠይቀው። ስልክ ሲጮህ ግን ይገባናል። «ፌስቡክ ላይ አይቼ ነው የደወልኩት» ያለኝ ሰው ዛሬ ስንት ነው? ይህን ብትነግሪኝ ስለ ፎሎወር አንድም ቀን አልጠይቅሽም።

ዋጋ የምንደብቀውም በምክንያት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው በየጭነቱ ይለዋወጣል። ዛሬ የጻፍሽውን ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ይኸው፣ ራሳችሁ የጻፋችሁት» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ አይቶ 50 ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ገበያ ላይ ዋጋ የሚነገረው ፊት ታይቶ ነው፣ ክርክርም አለበት። ይህን ሁሉ ትቼ ዋጋዬን ግድግዳ ላይ ስቀል ስትሉኝ ከንግዱ ወግ ውጣ እንደማለት ነው።

የአዌቱ_ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ራስዎ ማታ ስልክዎ ላይ ወንበር አይተው «ዋጋ በኢንቦክስ» ቢል ይጽፋሉ?

ሒርማታ_ነጋዴ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡11

አልጽፍም። ውድ ነው ብዬ አልፋለሁ።

ቆጪ_ሰፈር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡12

ሃሃሃ ጋሼ ራሳቸው ፈረዱ።

ፍሬም_ሠሪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

ጋሼ ያሉት ስጋት እውነት ነው፤ መፍትሔውም ከባድ አይደለም። እኔ የሥዕልና የመስታወት ፍሬም ሠሪ ነኝ። የምጽፈው «60 በ40 ሳንቲ፣ ከዚህ ብር ጀምሮ፣ ዋጋው እስከዚህ ቀን ይሠራል» ብዬ ነው። «ጀምሮ» የምትለዋ ቃል ክርክሩን ታቆየዋለች እንጂ አትገድለውም፤ መደራደር የወደደ ይመጣል። ቀኑ ደግሞ አሮጌ ፎቶ ይዞ ከሚመጣው ሰው ያድናል። ጎረቤት እንደሆነ ልጅ ልኮ ዋጋ ከማስጠየቅ የሚያግደው የለም፣ በፌስቡክ ባያይ በልጁ ያያል።

እንጨት ቤት ላይ ልክ የግድ ነው። ሰው ቁም ሣጥን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ቤቴ በር ያስገባዋል ወይ ብሎ ነው። ፎቶም በቫርኒሽ የተወለወለ እንጨት በፍላሽ አይነሳም፣ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ጠዋት ከበሩ አጠገብ አውጥተሽ አንሺ፤ ደመና ካለ እንዲያውም ይሻላል። ደመና ደግሞ ጅማ ላይ መች ጠፍቶ ያውቃል።

ማፕ_ላይ_ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሦስቱን ደንበኛ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራሽላቸው ይመስለኛል። የሚገዛቸው ሰው ግን ሌላ ሌላ ነው።

የእንግዳ ማረፊያውን ማን ነው የሚያድርበት? የጅማ ሰው ቤቱ ያድራል። የሚመጣው ለምረቃ ልጁን ሊያይ ከሌላ ከተማ የተነሳ ወላጅ፣ ለሥልጠና የተላከ ሠራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ ጉዳይ ያለው እንግዳ ነው። ያ ሰው ፎሎው አያደርግም። አባ ሰጉድ ኤርፖርት ወርዶ ወይም መናኸሪያ ደርሶ ስልኩ ላይ «ጅማ ማረፊያ» ብሎ ይፈልጋል። ስለዚህ የጉግል ማፕ ገጹን ያዢለት፤ ነጻ ነው። ቦታው በትክክል ተሰክቷል ወይ፣ ስልክ ቁጥሩ ይሠራል ወይ፣ የመኝታ ክፍሉና የመታጠቢያ ቤቱ ፎቶ አለ ወይ፣ እንግዶች ለጻፉት አስተያየት መልስ ተሰጥቷል ወይ። ይህ ከ10 ሺህ ፎሎወር በላይ አልጋ ያስይዛል።

ቡናውም እንዲሁ። ጅማ ላይ ቡና በፓኬት የሚገዛ ማን ነው? እናቶቻችን ጥሬውን ገዝተው ቤት ይቆላሉ። ፓኬቱን የሚገዛው ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መንገደኛና እዚያው ሆኖ የጅማ ቡና የናፈቀው ነው። ቡስት ስታደርጉ ቦታውን ጅማ ብላችሁ ከሆነ ለቡና አገር ቡና እያስተዋወቃችሁ ነው። ቦታውን አዲስ አበባ አድርጊው፤ እንዴት እንደሚላክ ጻፊ፤ የተቆላበትን ቀን ጻፊ፤ ቡናው ከጌራ ይሁን ከጎማ ወይ ከሊሙ፣ ልጁ የሚያውቀውን በስሙ ጥሪው። እንጨት ቤቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁም ሣጥን አውቶቡስ ላይ አይጫንም፣ ማስታወቂያው ከጅማና ከዙሪያዋ አይውጣ።

ፎሎወር እገዛልሃለሁ የሚሉትን ደግሞ አትስሚያቸው። አንድ ሰው ገዝቶ አይቻለሁ፤ 8 ሺህ ሞላለት፣ ፖስቱን የሚያየው ግን 40 ሰው። የተገዛው ሁሉ ስም ብቻ ነው፤ አይነካ፣ አይጽፍ። ፌስቡኩም ፖስቱን ማንም አልፈለገውም ብሎ ለእውነተኞቹም ማሳየቱን ይቀንሳል።

አፍጥር_በጠዋት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሥራ ለምትጀምሩ፣ ከኔ ውርደት ተማሩ።

በረመዳን የአንድ ምግብ ቤት ፔጅ ይዤ ነበር። የአፍጥር ልዩ ምግብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ፕሮግራም አደረግሁ። ሰዓቱ ላይ 10፡00 ብዬ ሞላሁ። ማሽኑ ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለቀቀው። ጅማ ከተማ፣ በጾም፣ በጠዋት፣ ትኩስ ሳምቡሳ ከነእንፋሎቱ! «ምነው እህቴ፣ ጨክነሽብን ነው?» የሚል ኮሜንት ዘነበ። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፤ ደውለው ዝም አሉ። ዝምታው ከቁጣ ይብሳል።

አሁን ሰዓት የምሞላው በ24 አቆጣጠር ነው፦ የኛ 10 ቀን 16፡00፣ የኛ 2 ማታ 20፡00። ቀኑም ያው ችግር አለበት። «ቅናሹ እስከ ሚያዝያ 30» ስትዪ በኛ እስከ ፈረንጆቹ ሜይ 8 ነው፤ ኤፕሪል 30 አድርጎ ያነበበ ደንበኛ ሊያመልጥሽ ይችላል። የቀኑንም ስም ጻፊ፣ «እስከ ዓርብ» ስትዪ ማንም አይሳሳትም።

አንድ ተጨማሪ፦ የወሩን ዕቅድ ስታወጪ በዓላቱን ሁሉ አስገቢ። ዒድ፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ መስቀል፣ ኢሬቻ፣ ገና፣ ፋሲካ። ምግብ ቤት ከሆነ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ። ክትፎ በስቅለት የለጠፈ አውቃለሁ።

ጅሬን_ማዶ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ቋንቋውን ማንም አላነሳውም። ጅማ ላይ በአማርኛ ብቻ የሚለጠፍ ፔጅ ግማሽ ገበያውን በሩ ላይ ያቆማል። አፋን ኦሮሞውን በቁቤ ከላይ፣ አማርኛውን ከታች አድርጊ፤ ወይም ቪዲዮው በአንዱ፣ ጽሑፉ በሌላው። በማሽን ተርጉመሽ ግን እንዳትለጥፊ፣ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፣ ይስቃል። እኔ በሁለቱም ስለምጽፍ ለሁለተኛው ቋንቋ ተጨማሪ አስከፍላለሁ። ሁለት ሥራ ነውና።

ቁልፍ_የጠፋበት · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ለአንድ ንግድ ቤት ፔጁን በራሴ አካውንት ከፈትኩ። አብረን ሁለት ዓመት ሠራን። በገንዘብ ተጣላን። እሱ «ፔጁ የኔ ነው፣ ስሙ የኔ ነው» አለ፤ እኔ «የከፈትኩት፣ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ፔጅ ምን እንደሆነ እስኪገባቸው አንድ ቅዳሜ አለቀ። በመጨረሻ «ልጄ፣ የሰው ሱቅ ቁልፍ ኪስህ ይዘህ ሄደሃል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። መለስኩለት፤ የአንድ ወር ገንዘቤ ግን እንደቀረ ቀረ።

ዛሬ መጀመሪያ የማደርገው ፔጁን በባለቤቱ አካውንትና ስልክ መክፈት ነው። ሙሉ ሥልጣን እሱ ጋ ይሆናል፤ ለኔ ፖስቱን፣ መልእክቱንና ማስታወቂያውን ብቻ ለይቶ ይሰጠኛል፤ ሜታ ቢዝነስ ስዊት በሚባለው የፔጅ ማስተዳደሪያ ላይ ይቻላል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው) ይብራ። በካርዳቸው ቡስት ለሚያደርጉላችሁ ሰዎች የማስታወቂያ ፈቃድ እንጂ የይለፍ ቃል አትስጡ።

ስክሪን_ሾት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወረቀቱን በተመለከተ ባጭሩ። ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሱቆች ጋር ሊሠራ ይችል ይሆናል፣ ትልልቆቹ ግን ደረሰኝ ከሌለ አይከፍሉም። ቀስ ብለሽ እሱን ጨርሺ።

ኮሜንት አጥፊልኝ ለሚለው፦ «ክፍሉ ቆሻሻ ነበር» የሚል ኮሜንት አይጠፋም፣ ይመለሳል፤ «ይቅርታ፣ አስተካክለናል» ብለሽ። የሚጠፋው ስድብና ብሔር ተኮር ነገር ነው፤ እሱ አንድ ሰዓትም አይደር። አንቺ ራስሽም ያልተጣራ ወሬ በደንበኛ ፔጅ ሼር እንዳታደርጊ። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል፤ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር። 10 ሺህ ፎሎወር የሚሉት ሰውዬ ይህን ያውቁ ይሆን?

ባንክ_ልግባ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

እሺ ተሸነፍኩ። ለመጀመር ምን ስልክ ያስፈልጋል?

ቆጪ_ሰፈር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡31

ኢንቦክስ።

የአዌቱ_ልጅ · ከ17 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡15

የት ጠፋሽ ላላችሁኝ፣ ይኸው መጣሁ።

መጀመሪያ እንጨት ቤቱ ጋ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም። የ30 ቀን ኢንቦክሱን አንድ በአንድ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ዋጋ የጠየቀ 64 ሰው። በዕለቱ መልስ ያገኘ 9። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ያገኘ 21። ጭራሽ ያልተመለሰለት 34። ደብተር ላይ በእጄ ጽፌ አሳየኋቸው፤ ስልክ ባሳያቸው አያዩትም ነበር። ባለቤቱ ብዙ ዝም ብለው «እነዚህ 34ቱ ሰዎች ናቸው?» አሉኝ። አዎ፣ ስም አላቸው፣ አንዱ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ነው የጻፈው አልኳቸው። ልጃቸውን ጠርተው የእያንዳንዱን ዕቃ ልክና መነሻ ዋጋ ያን ቀን አስጻፉልኝ። አሁን ኢንቦክሱ በኔ ነው፣ ከ3 እስከ 11 ሰዓት። 7,000 ብር ተስማማን። 34ቱን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላቸው፤ ሁለት አልጋና አንድ ቁም ሣጥን ወጣ። አንዷ «አሁን ነው እንዴ የምትመልሱት? ልጄ እኮ ተድራ ሄደች» አለችኝ።

የቡናው ልጅ 4,500 በቅድሚያ፣ በላዩም በወር አንድ ኪሎ ቡና። ቡናው የእናቴ ነው፤ ጥያቄዋም ለጊዜው ቆሟል። ማስታወቂያውን ወደ አዲስ አበባ አዞርነው፣ ገና ነው፣ ምን እንደሚያመጣ እናያለን።

የእንግዳ ማረፊያው አልሆነም። ማፑን፣ አስተያየቱን፣ ሁሉንም አስረድቼ 6,000 አልኩ። «10 ሺህ ፎሎወር በ2,000 ብር የሚሞላልኝ ልጅ አግኝቻለሁ» አሉኝ። ፔጁን ከነሙሉ ሥልጣኑ አስረከብኩ፤ የተረከቡበትንም ወረቀት አስፈረምኩ። ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። ሁለት ደንበኛ፣ 11,500 ብር፣ ማታ ስልኬ አይጮህም።

ጅሬን ማዶ፣ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፎቹን የምታይልኝ ከሆነ በክፍያ ነው፤ መልስ ስጠኝ።

ጅሬን_ማዶ · እሑድ፣ ከቀኑ 8፡40

እሺ፣ ግን በሳምንት ከሦስት አይብለጥ። ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ሒርማታ_ነጋዴ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡05

ጎበዝ ልጄ። ደብተሯን ወድጃታለሁ። የኔንም ሱቅ ኢንቦክስ አንድ ቀን መጥተሽ ቁጠሪልኝ፣ እፈራለሁ ግን። ለመሆኑ እዚያ እንጨት ቤት ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ስንት ነው?

የአዌቱ_ልጅ · እሑድ፣ ከቀኑ 9፡07

ጋሼ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ቁመቱ 35 ሳንቲ፣ መቀመጫው 30። ከ1,800 ብር ጀምሮ፣ እስከ መጪው ቅዳሜ። ሁለት ቀርቷል።